በጠባብ ቦታ የተለያዩ እንስሳትን አብሮ ማቆየት፦ ለኮዬ ፈጬና ለመሰል የመኖሪያ መንደሮች ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ኮዬ ፈጬ ከከተማዋ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) ሳይቶች አንዱ ነው። በሕንፃዎቹ ዙሪያ ደግሞ በግል ይዞታ ላይ የተሠሩ ቤቶችና ቀድሞ ኑሯቸውን በእርሻና በከብት እርባታ ይመሩ የነበሩ ቤተሰቦች ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ ለእንቁላል ዶሮ የሚያረባ፣ ለበዓል በግ የሚቀልብ፣ ጥንቸል የሚሞክር፣ ለጥበቃ ውሻ የሚያሳድግ ነዋሪ ጥቂት አይደለም። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህም በጓሮ ደረጃ እንቁላልና ሥጋ የማምረት ፍላጎት ጨምሯል።

ፍላጎቱ ሲጨምር ቦታው ግን አብሮ አይሰፋም። በመሆኑም ብዙ አርቢዎች ዶሮውን ከበጉ፣ በጉን ከፍየሉ፣ አዲሱን ጫጩት ከነባሩ ዶሮ ጋር በአንድ መጠለያ ያኖራሉ። ይህ አሠራር ለጊዜው ወጪ የቀነሰ ቢመስልም በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድን ቤተሰብ ሙሉ ጥሪት ሊያሳጣ፣ የጎረቤትን እንስሳት ሊበክል፣ አልፎም የሰውን ጤና ሊጎዳ ይችላል። ይህ ማብራሪያ የትኞቹ እንስሳት ተቀራርበው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ የትኞቹ ፈጽሞ መለየት እንደሚገባቸው፣ በጠባብ ቦታ መጠለያ እንዴት እንደሚደራጅና አገልግሎት ለማግኘት ምን ማሟላት እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

በአጭሩ

• የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ሊረቡ ይችላሉ፤ በአንድ ክፍል፣ ከአንድ መመገቢያና ከአንድ መጠጫ ግን ሊኖሩ አይገባም።
• ዶሮና ተርኪ፣ ዶሮና ዳክዬ በአንድ መጠለያ አይቀመጡም።
• በግና ፍየል አብረው ሊያድሩ የሚችሉት ሁለቱም ተከትበው፣ ጤናቸው ተረጋግጦና በቂ ቦታ ኖሯቸው ሲገኝ ነው።
• ከገበያ የመጣ ማንኛውም እንስሳ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ 21 ቀን ለብቻው መቆየት አለበት።
• ቦታው ለሁለት ዓይነት እንስሳ የማይበቃ ከሆነ አንዱን መርጦ በአግባቡ ማርባት ከሁለቱም የተሻለ ትርፍ ይሰጣል።

ከሁሉ በፊት ቦታን መለካት

አርቢው እንስሳ ከመግዛቱ በፊት ያለውን ቦታ በሜትር ለክቶ ማወቅ ይኖርበታል። በጉዝጓዝ ላይ ለሚረቡ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 ዶሮ ማኖር ይመከራል። ለእያንዳንዱ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የቆጥ ርዝመት፣ ለየ5 ዶሮዎቹ ደግሞ አንድ የእንቁላል መጣያ ያስፈልጋል። ለአንድ ያደገ በግ ወይም ፍየል ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር የማደሪያ ወለል ሊኖር ይገባል።

ለአብነት 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጓሮ ያለውን ቤተሰብ እንውሰድ። ሃያ ዶሮዎች 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋሉ፤ ሦስት በጎች ደግሞ 4.5 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። ድምሩ 8 ካሬ ሜትር ነው። የቀረው 4 ካሬ ሜትር ትርፍ ቦታ ቢመስልም ለመተላለፊያ፣ ለመኖ ማስቀመጫና ለታመመ ወይም ለአዲስ እንስሳ ማግለያ የሚውል ነው። በዚህ ቦታ ላይ ተጨማሪ ተርኪ ወይም ፍየል ማስገባት ማለት ማግለያውን ማጥፋት ማለት ነው። ማግለያ የሌለው ግቢ ደግሞ በሽታ የገባ ዕለት መከላከያ የለውም።

ስሌቱ እንስሳቱ በሚደርሱበት የመጨረሻ መጠን እንጂ በተገዙበት ዕለት ባላቸው መጠን ሊሠራ አይገባም። ለአርቢዎች በአብዛኛው የሚከፋፈሉት የ45 ቀን ጫጩቶች በመጀመሪያው ወር በጠባብ ቦታ ተመችቷቸው ሊታዩ ይችላሉ። እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ግን ያው ቦታ ይጠባቸዋል፤ መነካከስ፣ ላባ መነቃቀልና እንቁላል መብላት የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው።

አብሮ ማኖር ጉዳት የሚያደርሰው እንዴት ነው?

ጉዳቱ በሦስት መንገዶች ይመጣል። አንደኛው በሽታ ነው፤ አንዱን ዝርያ የማያሳምም ተህዋስ ሌላውን ይገድላል። ሁለተኛው መኖ ነው፤ ለአንዱ የተዘጋጀ ቀለብ ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ጭንቀት ነው፤ ደካማው እንስሳ ከብርቱው ጋር እየተሻማ ሲኖር ይከሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል። እነዚህ ሦስቱ በየእንስሳቱ ጥምረት እንደሚከተለው ይታያሉ።

ነባርና አዲስ ዶሮዎች

በጠባብ ግቢ ውስጥ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት የተለያየ ዕድሜና መነሻ ያላቸውን ዶሮዎች መቀላቀል ነው። የፈንግል በሽታ የያዘው ዶሮ ምልክት ሳያሳይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከገበያ የተገዛው ጤነኛ መሳይ ዶሮ ያልተከተቡትን ነባሮች ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። በተቃራኒው ነባሮቹ ለምደውት የኖሩት ተህዋስ ለአዳዲስ ጫጩቶች ገዳይ ሊሆን ይችላል። ጉምቦሮ የሚባለው በሽታ በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ያጠቃል። ስለዚህ የሚመከረው አሠራር አንድን መንጋ በአንድ ጊዜ አስገብቶ በአንድ ጊዜ ማስወጣት፣ ከዚያም ቤቱን አጽድቶና በጸረ ተህዋስ ረጭቶ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ባዶ ማቆየት ነው።

የሐበሻ ዶሮን እንደ ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውን ወይም ሳሶ ካሉ ዝርያዎች ጋር መቀላቀልም አይመከርም። የሐበሻ ዶሮ በአብዛኛው ከግቢ ውጭ እየጫረች የምትውል በመሆኗ ከጎረቤት መንጋ ተህዋስ ይዛ ልትመለስ ትችላለች። በመኖ ፍላጎትና በጠባይም ስለሚለያዩ አንዱ ሌላውን ከመመገቢያው ያባርራል።

ዶሮና ተርኪ

ይህ ጥምረት ፈጽሞ መወገድ ያለበት ነው። ዶሮዎች በአንጀታቸው የሚኖር አንድ ዓይነት ትል አላቸው፤ የዚህ ትል እንቁላል «ብላክሄድ» የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ይሸከማል። ዶሮዋ በአብዛኛው ምንም ሳትሆን ትኖራለች፤ ተርኪው ግን ጉበቱ ተጎድቶ ቢጫ ተቅማጥ እያስቀመጠው ይሞታል። የትሉ እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ዶሮ ይረባበት በነበረ መሬት ላይ ተርኪ ማስገባትም ለአደጋ ያጋልጣል።

ዶሮ፣ ዳክዬና እርግብ

ዳክዬ ውኃ ይረጫል፤ ጉዝጓዙም ይረጥባል። በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትል በሽታ በፍጥነት ይስፋፋል። ከዚህም በላይ ዳክዬዎች የወፍ ጉንፋን ተህዋስን ራሳቸው ሳይታመሙ ሊይዙና ወደ ዶሮዎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። እርግቦችም ከፈንግል ጋር የሚቀራረብ ተህዋስ ሊሸከሙ ስለሚችሉ የዶሮ ቤቱ መስኮት በወንፊት ሽቦ መሸፈን፣ መኖውም ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥ ይኖርበታል።

ዶሮና ጥንቸል

ጥንቸል ድንጉጥ እንስሳ ናት። የዶሮዎች ጫጫታና ንክሻ ያስጨንቃታል፤ ከቆጥ የሚወርደው ኩስም መኖዋን ይበክላል። የጥንቸል ጎጆ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከዶሮ ቤቱ በግድግዳ ተለይቶ መሠራት አለበት። ከዶሮ ቆጥ በታች የጥንቸል ጎጆ ማስቀመጥ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የሚሠራ ነገር ግን ጎጂ ልማድ ነው።

በግና ዶሮ

ይህ በከተማ ግቢዎች የተለመደ ጥምረት ሲሆን ትልቁ አደጋ መኖው ነው። በግ የዶሮ መኖ ካገኘ በስስት ይበላል። የተፈጨው እህል በጨጓራው ውስጥ በፍጥነት ይብላላና አሲድ ይፈጥራል፤ እንስሳው ሆዱ ይነፋል፣ ይተኛል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ የዶሮ መኖ በግ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ የመዳብ ማዕድን ሊይዝ ይችላል። መዳቡ በበጉ ጉበት ውስጥ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ድንገተኛ ሞት ያስከትላል።

ኩስ የተቀላቀለበትን ጉዝጓዝ በግ እንዳይበላ መከላከልም ያስፈልጋል። በጉዝጓዝ ውስጥ የሞተ ዶሮ ከነበረ፣ ከበሰበሰው በድን የሚመነጨው መርዝ በጎችንና ከብቶችን ሽባ አድርጎ ይገድላል። ዶሮዎች በበግ ገንዳ ላይ እንዳይሰፍሩ ገንዳው በረድፍ ሽቦ ሊሸፈን ይገባል።

በግና ፍየል

ሁለቱ የሚቀራረቡ በመሆናቸው ብዙ በሽታዎችን ይጋራሉ። ከነዚህ ዋነኛው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው ከብቶችን ይፈጅ ከነበረው፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ከታወጀው የደስታ በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ትኩሳት፣ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ሳልና ተቅማጥ ምልክቶቹ ናቸው። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት በተያዘው ዕቅድ ውስጥ ኢትዮጵያም ትገኛለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አርቢ እንስሳቱን ማስከተቡ ለራሱ መንጋ ከሚሰጠው ጥቅም ያለፈ ፋይዳ አለው።

በግና ፍየል የሆድ ትሎችንም ይጋራሉ፤ ፍየል በትል ይበልጥ ትጎዳለች። ቀንድ ያላት ፍየል በጠባብ ጉረኖ ውስጥ እርጉዝ በግ ወግታ ልታስወርድ ትችላለች። ለፍየል የሚሰጥ የማዕድን ጨው ደግሞ ለበግ የማይስማማ የመዳብ መጠን ሊኖረው ስለሚችል በጋራ ሊቀርብላቸው አይገባም።

በግና ከብት

በግ ራሱ ሳይታመም የሚይዘው አንድ ተህዋስ ወደ ከብት ሲተላለፍ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዓይን መደፍረስና የአፍንጫ መቁሰል አስከትሎ ብዙውን ጊዜ ይገድላል። የወተት ላም ያላቸው ቤተሰቦች በጎችን፣ በተለይም ግልገል ያላቸውን እናቶች፣ ከላሟ በረት ማራቅ አለባቸው።

ውሻ፣ ድመትና በግ

በበዓል ሰሞን ከእርድ የተረፈውን የበግ ጭንቅላት፣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር በብዙ መንደሮች የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሁለት አደገኛ ዑደቶችን ያስቀጥላል። በበጉ አንጎል ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ሣርና ውኃ ይበክላል፤ ይህን የበላ በግ አዙሪት ይይዘዋል። በሌላ በኩል በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ ቀዶ ሕክምና እስከማስፈለግ ይደርሳል። ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናት ደግሞ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ስለሆነም እነዚህን የውስጥ አካላት መቅበር ወይም በሚገባ መቀቀል፣ ውሻን በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መስጠት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ማሳደስ ያስፈልጋል። የድመት ዓይነ ምድር ለእርጉዝ በጎችና ፍየሎች ማስወረድ፣ ለነፍሰ ጡር ሴቶችም ጽንስ መጎዳት ምክንያት የሚሆን ተህዋስ ሊይዝ ስለሚችል ድመት በመኖ ማስቀመጫ ውስጥ እንዳትተኛ መከልከል ይገባል።

እስስትና ሌሎች የዱር እንስሳት

አንዳንድ ነዋሪዎች ከአጥርና ከቁጥቋጦ ያገኟቸውን እስስቶች፣ ኤሊዎች ወይም ወፎች ለልጆች መጫወቻ ወይም ለጌጥ በቤት ውስጥ ለማኖር ይሞክራሉ። የዱር እንስሳት በየዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚተዳደሩ ሲሆን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። እስስቶች በተጨማሪ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲከናወን ከሚቆጣጠረው፣ ኢትዮጵያም አባል ከሆነችበት ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው።

ከሕጉም ባሻገር የእንስሳው ተፈጥሮ ለእንዲህ ዓይነት ኑሮ አይመችም። እስስት ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው። ሁለት እስስቶች፣ ይልቁንም ዝርያቸው የተለያየ ከሆነ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ይጣላሉ፤ ባይነካኩ እንኳ አንዱ ሌላውን እያየ መዋሉ ብቻ በጭንቀት መብላት እንዲያቆም ያደርገዋል። የደጋ እስስትና የቆላ እስስት የሚፈልጉት ሙቀትና እርጥበትም አንድ አይደለም። እስስት ያገኘ ሰው በነበረበት መተው፣ ጉዳት የደረሰበት ከሆነም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይኖርበታል።

በጠባብ ግቢ መጠለያን ማደራጀት

ሁለት ዓይነት እንስሳ በአንድ ግቢ ለማርባት የወሰነ ቤተሰብ የሚከተሉትን ነጥቦች መፈጸም ይችላል።

1. መለያ ግድግዳ፦ ሽቦ ብቻውን በሽታን አያግድም። ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከፍታ በብሎኬት፣ በቆርቆሮ ወይም በጣውላ መዝጋትና ከዚያ በላይ ያለውን ለአየር ማስገቢያ በሽቦ መሸፈን ይመረጣል።

2. ተዳፋትና ንፋስ፦ የበግ ጉረኖ ፍሳሽ ወደ ዶሮ ቤት እንዳይገባ ዶሮ ቤቱ ከፍ ባለው የግቢው ክፍል ይሠራል። ማግለያው ንፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ መጨረሻ ላይ ይሆናል።

3. ጉዝጓዝ፦ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ወይም ጭድ ይነጠፋል፤ በየጊዜው ይገላበጣል፤ የረጠበው ይወጣል። አርቢው በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ አየሩን ማሽተት ይኖርበታል። ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ የዶሮዎቹ መተንፈሻ አካል እየተጎዳ ነው፤ አየር ማስገቢያው ሊሰፋ ወይም ቁጥራቸው ሊቀነስ ይገባል።

4. የየራስ ዕቃ፦ መመገቢያ፣ መጠጫ፣ መጥረጊያና አካፋ ለየዝርያው ይለያል። በየመግቢያው በረኪና የተቀላቀለበት ውኃ በሰፌድ መሰል ዕቃ ተደርጎ ጫማ ይነከርበታል፤ ውኃውም በየዕለቱ ይቀየራል።

5. የሥራ ቅደም ተከተል፦ በየዕለቱ መጀመሪያ ጫጩቶችና ግልገሎች፣ ቀጥሎ ያደጉት፣ በመጨረሻ በማግለያ ያሉት ይታያሉ። ከማግለያ የወጣ ሰው እጁን ሳይታጠብና ጫማ ሳይቀይር ወደ ጤነኞቹ አይመለስም።

6. መኖ፦ የዶሮ መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በተለያየ ክዳን ያለው ዕቃ ይቀመጣል፤ የዶሮ መኖ የተቀመጠበት ቦታ በግ ሊደርስበት የማይችል መሆን አለበት።

የበዓል በግ ጉዳይ

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የሚገዛ በግ ወይም ፍየል ከተለያየ አካባቢ ተነድቶ፣ በመኪና ተጭኖና በገበያ ከብዙዎች ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ነው። ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚቆይ በመታሰቡ ብዙ ጊዜ ከነባር እንስሳት አጠገብ ይታሰራል። ለበሽታ መተላለፍ ግን አንድ ሌሊት ይበቃል። የበዓል እንስሳ ከነባሮቹ ርቆ መታሰር፣ በራሱ ዕቃ መጠጣትና መመገብ፣ የቆመበት ቦታም ከእርዱ በኋላ ታጥቦ በጸረ ተህዋስ መጽዳት ይኖርበታል። በጋራ መኖሪያ ቤት ሳይቶች እርዱ በደረጃና በኮሪደር ላይ ሳይሆን ለዚሁ ተግባር ታስቦ በተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ (ኮሙናል) ሊፈጸም ይገባል።

ክትባት

ለዶሮዎች የፈንግል፣ የጉምቦሮ፣ የዶሮ ታይፎይድና የዶሮ ፈንጣጣ ክትባቶች አሉ፤ ለበግና ለፍየል ደግሞ የደስታ መሰል በሽታ፣ የፈንጣጣና የጎርሳ ክትባቶች ይሰጣሉ። እነዚህን ክትባቶች የሚያመርተው ከኮዬ ፈጬ ብዙም በማይርቀው ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የ45 ቀን ጫጩት የሚገዛ አርቢ ጫጩቶቹ እስከዚያ ቀን የወሰዱትን የክትባት ዓይነትና ቀን በጽሑፍ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ቀጣዩን ክትባት ባለሙያው የሚወስነው በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው።

በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ክትባት በሁለት ምክንያቶች ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ክትባቱ ከሚሰጥበት ቦታ እስከ ቤት ድረስ በበረዶ ሊጓጓዝ፣ ከተበጠበጠ በኋላም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይገባል። ሁለተኛው በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ ክትባቱን ስለሚገድለው ውኃውን አሳድሮ መጠቀም ወይም በአንድ ሊትር 2 ግራም ያህል ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት አስቀድሞ መቀላቀል ያስፈልጋል። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ እንስሳ ነው፤ በሽታ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ክትባት የታመመውን አያድንም።

በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ ሊያውቁት የሚገባ

በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በአንድ ሕንፃ ውስጥ በግል የሚያዙ ቤቶችና የሁሉም ባለቤቶች የሆኑ የጋራ መጠቀሚያዎች ተለይተዋል። ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ጣሪያና በሕንፃው ዙሪያ ያለው መሬት የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። በመሆኑም በእነዚህ ቦታዎች ላይ እንስሳ ለማቆየት ያሰበ ነዋሪ አስቀድሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማየትና የማኅበሩን ስምምነት በጽሑፍ ማግኘት ይጠበቅበታል።

በመኖሪያ ክፍል፣ በማዕድ ቤትና በረንዳ ላይ ዶሮ ማርባት አይመከርም። ኩሱ ሲደርቅ ብናኝ ሆኖ ከሰው አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ዶሮዎች ሳይታመሙ የሚይዙት የሳልሞኔላ ተህዋስም ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከባድ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ጓሮ የሌላቸው ነዋሪዎች ተደራጅተው በጋራ ቦታ የማርባት አማራጭን ከወረዳቸው ጋር ቢመክሩ የተሻለ ነው።

በሽታ ሲጠረጠር

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ አርቢው ሳይዘገይ ሪፖርት ማድረግ አለበት፦ ዶሮዎች በድንገት በብዛት ሲሞቱ፣ አንገታቸው ሲጣመም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ሲያስቀምጣቸው፣ እንቁላል በአንድ ጊዜ ሲቀንስ፤ በጎችና ፍየሎች ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና የአፍንጫ ፈሳሽ ሲታይባቸው ወይም በተከታታይ ሲያስወርዱ።

ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ፦

• የታመመውን መለየት፣ ወደ ግቢው የሚገባና የሚወጣ እንስሳ እንዳይኖር ማድረግ፤
• የታመመ እንስሳ አለመሸጥ፣ አርዶ አለመብላት፣ ለጎረቤትም አለመስጠት፤
• የሞተውን በቆሻሻ ገንዳ ወይም በወንዝ ዳር አለመጣል፤ ከውኃ ምንጭ ርቆ ቢያንስ 1 ሜትር በጠለቀ ጉድጓድ ኖራ ነስንሶ መቅበር፤
• ለሰው የተገዛ መድኃኒት ለእንስሳ አለመስጠት፤ በባለሙያ የታዘዘ መድኃኒት የወሰዱ ዶሮዎችን እንቁላልና ሥጋም የተነገረው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ለምግብ አለማዋል።

የታመሙትን «ሳይሞቱ ይሸጡ» በሚል ወደ ገበያ ማውጣት የአንዱን ቤተሰብ ጥቂት ኪሳራ ወደ መላው መንደር ጥፋት ይለውጠዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የኮዬ ፈጬ አካባቢ በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ አስተዳደሮች አዋሳኝ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ነዋሪው በመጀመሪያ የሚኖርበት ቤት የሚገኝበትን ወረዳ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ቀጥሎ የወረዳውን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ማነጋገር ይችላል። አገልግሎት ፈላጊው ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩን የሚያፋጥኑለት መረጃዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የነዋሪነት መታወቂያ፤
• በግቢው ያሉ እንስሳት በዓይነት፣ በቁጥርና በዕድሜ፤
• እያንዳንዱ መቼና ከየት እንደተገዛ፤
• እስከ አሁን የተሰጠ ክትባትና መድኃኒት፤
• የመጠለያው ስፋት በሜትር፤
• በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ የማኅበሩ የስምምነት ደብዳቤ።

የወረዳ ባለሙያ መጠለያውን ተመልክቶ ለሁለት ዓይነት እንስሳ እንደማይበቃ ከገለጸ፣ አርቢው ከቦታው፣ ከመኖ አቅርቦቱና ከሚያገኘው ጊዜ ጋር የሚስማማውን አንድ ዓይነት እንዲመርጥ ይመከራል። ሃያ ጤነኛ ዶሮዎችን በአግባቡ የሚያረባ ቤተሰብ እንቁላል ያገኛል። በዚያው ቦታ ዶሮ፣ በግና ተርኪ የሚያጣብብ ቤተሰብ ግን በአንድ ወረርሽኝ ሦስቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቦታን መለካት፣ ዝርያን መለየት፣ አዲስ መጤን 21 ቀን ማቆየትና በወቅቱ ማስከተብ እንስሳው ከመገዛቱ በፊት ታቅደው ሊያድሩ የሚገባቸው ተግባራት ናቸው።